«የአርባ ቀን ዕድሉ ነው» ብሎ መጽሐፍ መዝጋት

ደሴ ፒያሳ አካባቢ ቅዳሜ ቅዳሜ ቡና ይዘን ስለ ልብ ወለድ እናወራለን። ዕጣ ፈንታና ነጻ ፈቃድ የተነሱ ዕለት ያው ስህተት ይመጣል። አሁንስ ሰለቸኝ።

ትንቢት ከተነገረ ሰውዬው ምንም አልመረጠም ይባላል። አንዱ «የአርባ ቀን ዕድሉ ነው» ይላል፣ ሌላው «ቀደር ነው» ይላል፣ ተስማምተው መጽሐፉን ይዘጉታል። ኧረ ቆዩ! በግሪካዊው ሶፎክልስ ተውኔት ንጉሥ ኤዲፐስ አባቱን የገደለውም እናቱን ያገባውም ተውኔቱ ከመጀመሩ በፊት ነው። መድረኩ ላይ የምናየው ሰውዬው ሲመረምር ነው። ዓይነ ስውሩ ነቢይ ቲሬሲያስ ባልናገር ይሻላል ይለዋል። እናቱም ሚስቱም የሆነችው ዮካስታ ተው ብላ ትለምነዋለች። ምስጢሩን የሚያውቀው እረኛ አታስለፍልፈኝ ይላል። እሱ እምቢ! አባትህን ትገድላለህ ያለው ትንቢት ስለዚህ እምቢታ ትንፍሽ አላለም። ዓይኑን ካጠፋ በኋላም መከራውን ያመጣው አፖሎ ነው፣ የመታው እጅ ግን የራሴ ነው ይላል። ሶፎክልስ ሁለቱንም ባንድ አፍ አናግሮታል። እናንተ አንዱን ለምን ትጥሉታላችሁ?

በሼክስፒር «ማክቤዝ» ላይ እኔም ጉድ ሆኛለሁ። ጠንቋዮቹ ንጉሡን ግደል ብለውታል ብዬ በልበ ሙሉነት ሳወራ አንዲት የአሥረኛ ክፍል ልጅ «ጋሼ፣ የቱ ጋ?» አለችኝ። ገለጥኩ፣ አገላበጥኩ፣ የለም። ትነግሣለህ ነው ያሉት። ጓደኛው ባንኮም አጠገቡ ቆሞ ልጆችህ ይነግሣሉ ተብሏል፤ እሱ ግን ለዙፋን ብሎ ማንንም አልገደለም። ያን ዕለት የሁሉንም ቡና እኔ ከፈልኩ።

«ደራሲው ስለጻፈው ገጸ ባሕርይው ነጻ አይደለም» የሚል ብልጥም አይጠፋም። ቡናህን ጠጣ እለዋለሁ።

«ፍቅር እስከ መቃብር» (1958 ዓ.ም.) ሲነሳ ደግሞ «በዛብህን ስለቱ ነው የቀሰፈው» ይባላል። ስለቱ ከሰማይ አልወረደም፤ ወላጆቹ የተሳሉት ነው። ከፍቅረኛው ከሰብለ የለየውም የአባቷ የፊታውራሪ መሸሻ የዘር ኩራት ነው። ጉዱ ካሣ ዕድሜ ልኩን የተጣላው ከልማድ ጋር ነው፣ ልማድን ደግሞ ሰው ሠራው። ሰው የሠራውን ዕጣ ፈንታ ካላችሁት ፊታውራሪን በነጻ ለቀቃችኋቸው።

የ«ጦርነትና ሰላም»ን ማብቂያ ዘላችሁ ደግሞ ስለ ቶልስቶይ አትከራከሩ። ስለ ነጻ ፈቃድ በግልጽ የሚሟገተው እዚያ ነው። ይሰለቻል፣ እኔም ሦስቴ ጀምሬ ነው የጨረስኩት። አብሽሩ።