በረዶ ሊጥል ነው ሲባል፦ የአንድ የሌሊት ተረኛ ምክር

አሜሪካ የገባሁት በጃንዋሪ 2010 ነው። ሁለት ወር ሳልቆይ፣ ፌብሩዋሪ 5 የጀመረው በረዶ ዋሽንግተንን ቀበራት። ደለስ ኤርፖርት ላይ ከ32 ኢንች በላይ ተለካ። በማግስቱ ደብረ ብርሃን ለእናቴ ደወልኩ።

«እማዬ፣ በረዶ ጥሎ እስከ ጉልበቴ ደረሰ» አልኳት።

ትንሽ ዝም አለች። «ውይ ልጄ! እህሉን ጨረሰው በለኛ!»

ለእሷ በረዶ ማለት ቆርቆሮውን እየደበደበ የሚወርደው፣ ባቄላውን መሬት ላይ የሚያስተኛው ነው። ይሄኛው ድምፅ እንደሌለው፣ እንደተባዘተ ጥጥ እንደሚወርድ ለማስረዳት የካርዴ ሂሳብ አለቀ። እኔን ግን ያ ድምፅ የሌለው ነገር ለከፈኝ። እስከ ዛሬ አልተወኝም።

ሜሪላንድ፣ ሲልቨር ስፕሪንግ ውስጥ በአንድ አፓርትመንት ሕንፃ የሌሊት ተረኛ ነኝ። ሌሊቱ ረጅም ነው። ሌላው ሰው ፊልም ያያል፣ እኔ የአየር ካርታ አያለሁ። ብርድ ገባ በተባለ ቁጥር ስልኬ አያርፍም። ግማሹ ደዋይ ሹፌር ነው፦ «ነገ ልውጣ ወይስ ልተኛ?» ሌላው እንደኔው የተለከፈ ነው፦ «ስማ፣ ይጥላል?» ለሁሉም አንድ በአንድ ከምመልስ ብዬ ነው ይሄን የምጽፈው። የምናገረው ስለ ዋሽንግተን፣ ስለ ሜሪላንድና ስለ ሰሜን ቨርጂኒያ ነው። ሚኒሶታ ያላችሁ ይሄ አይመለከታችሁም። እናንተ ጋ በረዶው ይመጣል ወይ ብሎ የሚጨነቅ የለም። እኛ ጋ ግን ነገሩ በአንዲት ዲግሪ ላይ ነው የሚያድረው። ዲግሪ ስል በፋራናይት ነው፤ ውሃ የሚረጋው 32 ላይ።

ብርድ ሌላ፣ በረዶ ሌላ

አያቴ በኅዳር ማታ ወጥታ ሰማዩን ታይ ነበር። ሰማዩ ከጠራ፣ ኮከቡ ከደመቀ፣ ነፋሱም ዝም ካለ «ዛሬ ውርጭ ነው» ትላለች። አትስትም። ደመና የለበሰ ሌሊት ሙቀቱን እንደ ብርድ ልብስ ይይዘዋል፤ የጠራ ሌሊት ያስመልጠዋል።

እዚህም ያው ነው። ቴሌቪዥኑ «ኃይለኛ ብርድ እየመጣ ነው» ሲል ብዙ ሰው በረዶ የመጣ ይመስለዋል። አብዛኛውን ጊዜ ግን ያ ብርድ ደረቅ ነው። ሰማዩ እንደ መስታወት ጠርቶ አፍንጫችሁን ቆርጦ ይሄዳል፣ አንዲት ቅንጣት ሳይጥል። በረዶ እንዲጥል ብርዱና እርጥበቱ በአንድ ጊዜ አንድ ቦታ መገናኘት አለባቸው። የእዚህ አካባቢ ችግር ሁለቱ መተላለፋቸው ነው። ዝናቡ ይመጣል፣ ያልቃል፣ ከዚያ ብርዱ ከኋላ እየሮጠ ይደርሳል። ካርታው ላይ «ዝናብ፣ ማለቂያው ላይ ወደ በረዶ ይለወጣል» የሚል ካያችሁ ተኙ። ብርዱ ዝናቡን አሳዶ የደረሰበትን ቀን በጣቴ ነው የምቆጥረው።

የሚሻለው ብርዱ ቀድሞ ገብቶ ቁጭ ብሎ ሲጠብቅ ነው። ቀዝቃዛ አየር ከባድ ነው፤ እንደ ውሃ ወደ ዝቅታ ይፈሳል። ከሰሜን ምሥራቅ እየገፋ ሲመጣ የአፓላቺያን ተራሮች ይገድቡትና በእግራቸው ሥር ይተኛል። ስለዚህ አንድ ቀን ቀደም ብላችሁ ነፋሱን እዩ። ከሰሜን ወይም ከሰሜን ምሥራቅ ከሆነ ተስፋ አለ። ከምሥራቅ በቀጥታ ከሆነ ከውቅያኖሱና ከቼዛፒክ ቤይ ሙቀት ይዞ ይመጣል። ከደቡብ ከሆነ ጃንጥላ ያዙ።

መጀመሪያ የጤዛውን ነጥብ

ሰው ሁሉ የሚያየው ሙቀቱን ነው። «38 ዲግሪ ሆኖ ምን በረዶ?» ይላል። እኔ ቀድሜ የማየው ዲው ፖይንት የሚባለውን፣ የጤዛ ነጥቡን ነው። አየሩ ምን ያህል ደረቅ እንደሆነ የሚነግራችሁ እሱ ነው። ማንኛውም የአየር ሁኔታ አፕ ላይ ከሙቀቱ ሥር ተጽፏል።

አገር ቤት ኮዳ በእርጥብ ጨርቅ ጠቅልሎ ነፋስ ላይ የሰቀለ ሰው ይሄን ያውቀዋል። ጨርቁ እየደረቀ ውሃውን ያቀዘቅዘዋል። ሰማይም እንደዚያው ነው። ከላይ የሚወርደው ነገር ደረቅ አየር ውስጥ ሲገባ ይተናል፣ ሲተን አየሩን ያቀዘቅዛል። በግምት የምሠራባት ቀላል ሂሳብ አለችኝ። ሙቀቱ 38፣ የጤዛው ነጥብ 20 ቢሆን ልዩነታቸው 18 ነው። ሲሶውን ከሙቀቱ ቀንሱ፦ 38 ሲቀነስ 6፣ 32። መዝነብ ሲጀምር አየሩ ወደዚያ ይወርዳል ማለት ነው። ስለዚህ 38 ዲግሪ ሆኖም በረዶ ሊሆን ይችላል። በተቃራኒው ሙቀቱ 35፣ የጤዛው ነጥብ 34 ከሆነ ምንም የሚቀንስ የለም። ዝናብ ነው፣ ያውም አጥንት የሚበላ።

ከዚያ ቀና በሉ። ካርታ አንባቢዎች 850 የሚሉት ከፍታ አለ፤ ከባሕር ወለል 1,500 ሜትር ገደማ ነው። የደብረ ብርሃን ግማሽ በሉት። መሬት ላይ 30 ዲግሪ ሆኖ እዚያ ላይ ሞቅ ያለ አየር ከገባ የወረደው በረዶ መንገድ ላይ ይቀልጣል። ከሥር ቀዝቃዛው አየር ወፈር ያለ ከሆነ ተመልሶ ይረጋና እንደ ጥሬ ጨው መስኮቱን ይቆላዋል። ስሊት የሚሉት እሱ ነው። ቀዝቃዛው አየር ስስ ከሆነ ደግሞ ዝናብ ሆኖ ወርዶ የነካው ነገር ላይ ይረጋል። ይሄኛው አይታይም። አስፋልቱ እርጥብ ይመስላል፣ ግን መስታወት ነው። ያን ቀን ለሹፌር ሁሉ መልሴ አንድ ነው፦ ተኛ።

በእኛ ሰዓት የተሠራ ሞዴል

ሞዴል ማለት ኮምፒውተር የአሁኑን አየር ይዞ የሚመጡትን ቀናት የሚያሰላበት ነው። እኔ ሁለቱን እከታተላለሁ፤ የአሜሪካውን ጂኤፍኤስና የአውሮፓውን፣ ዩሮ የምንለውን። ዋናዎቹ ስሌቶች የሚነሱት በግሪኒች 0 ሰዓትና 12 ሰዓት ላይ ነው። ፈረንጆቹ ይሄን ወደ ዋሽንግተን ሰዓት ሲቀይሩ ይደናገራሉ። እኛ ግን ታድለናል። በክረምት የግሪኒች 12 ሰዓት እዚህ በኢትዮጵያ አቆጣጠር ከጠዋቱ ልክ 1 ሰዓት ነው፣ 0 ሰዓት ደግሞ ከምሽቱ ልክ 1 ሰዓት። የአሜሪካው ውጤት መውጣት የሚጀምረው ማታ 4 ሰዓት ተኩል ገደማ ነው፣ የአውሮፓው ሌሊት 7 ሰዓት ገደማ። ቀንም በዚያው ሰዓት ይደገማል። ባለቤቴ ሥራ በሌለኝ ቀን ሌሊት 7 ሰዓት ላይ የስልኬን ብርሃን ካየች «ዩሮህ ገባ?» ብላ ዞራ ትተኛለች።

አሁን ወጥመዱ። ገና 10 ቀን ሲቀረው በቤተሰብ የቴሌግራም ግሩፕ ሐምራዊ የተቀባ ካርታ ይመጣል፦ «ሜሪላንድ 24 ኢንች!» አጥፉት። ያ የአንድ ሞዴል አንድ ስሌት ነው፣ ከስድስት ሰዓት በኋላ የሚመጣው «ፀሐይ» ሊል ይችላል። ስልካችሁ ላይ ያለችውም የበረዶ ምልክት ከዚያ ብዙ አትሻልም። ከአንዱ ካርታ ይልቅ አንሳምብል የሚባለውን እዩ። ዩሮ መነሻውን በጥቂቱ እየለዋወጠ 50 ጊዜ ያሰላል። 50 ሽማግሌ እንደመጠየቅ ነው። አምስቱ ብቻ «ይጥላል» ካሉ ወሬ ነው። አርባው ካሉ እኔም ጆሮዬን አቆማለሁ። ሦስት ቀን ቀርቶት አሜሪካውና አውሮፓው ከተስማሙ ለባለቤቴ እነግራታለሁ። ከዚያ በፊት አልነግራትም። ነግሬያት አፍሬያለሁ።

ያፈርኩት ማርች 6 ቀን 2013 ነው። ሁሉም ትልቅ በረዶ ብሎ ነበር። የፌዴራል መሥሪያ ቤቶች ሳይቀሩ ተዘጉ። እኔ አካፋ፣ በረዶ የሚያቀልጥ ጨው፣ አራት እሽግ እንጀራ ገዝቼ ጎረቤት ሁሉ አስጠነቀቅኩ። መሬቱ አልቀዘቀዘም። ከተማው ላይ ቀኑን ሙሉ ያለቀሰ ዝናብ ወረደ። ጎረቤቴ እስከ ዛሬ ሰማዩ ሲጠቁር «አካፋህ ደህና ናት?» ይለኛል።

ካርታ ስታዩ ሁለት ነገር አትርሱ። ብዙዎቹ አንድ ኢንች ውሃ አሥር ኢንች በረዶ ይሆናል ብለው ነው የሚያሰሉት። 33 ዲግሪ ላይ የሚወርደው ከባድ፣ እርጥብ በረዶ ያንን ያህል አይነፋም። አንዳንድ ካርታ ደግሞ ስሊቱንም በረዶ ብሎ ይቆጥረዋል። ቁጥር ካማራችሁ ስተርሊንግ ቨርጂኒያ ያለው የብሔራዊ የአየር ሁኔታ አገልግሎት ቢሮ የሚያወጣውን እዩ። የሚጠበቀውን፣ ዝቅተኛውንና ከፍተኛውን ለየብቻ ያስቀምጣሉ። ሰዎቹ የሚጽፉት ዝርዝር ሐተታም አለ። እንግሊዝኛው ይከብዳል፣ ግን እርግጠኛ ካልሆኑ ፊት ለፊት ይናገራሉ። እኔ የምወዳቸው ለዚህ ነው።

ልውጣ ወይስ ልተኛ?

ሹፌሮች የሚጠይቁኝ ስንት ኢንች ነው ብለው ነው። ኢንቹ ብቻውን ምንም አይነግራችሁም። ጃንዋሪ 20 ቀን 2016 ማታ የጣለው አንድ ኢንች ገደማ ብቻ ነበር። ግን መሬቱ ቀዝቅዟል፣ ጨው አልተነሰነሰም፣ ሰው ከሥራ የሚወጣበት ሰዓት ነው። የኦባማ መኪኖች እንኳ ተንሸራተው ተጉላሉ። አሌክሳንድሪያ፣ ቨርጂኒያ የሚኖረው ጓደኛዬ ከመሀል ከተማ ቤቱ ለመግባት ግማሽ ሌሊት ፈጀበት። ከሁለት ቀን በኋላ ትልቁ ሲመጣ ግን ሁሉም ቤቱ ነበር። ስለዚህ የመንገዱን ቅዝቃዜና የሚጀምርበትን ሰዓት ጠይቁ።

በዝናብ የሚጀምር ከሆነ ይበልጥ ተጠንቀቁ። ዝናቡ ጨውን ያጥበዋል። ጃንዋሪ 3 ቀን 2022 ፍሬድሪክስበርግ አካባቢ 95 አውራ ጎዳና ላይ ሰው ከ24 ሰዓት በላይ መኪና ውስጥ የታገደው እንዲህ በጀመረ በረዶ ነው። ሴናተር ቲም ኬን 27 ሰዓት ቆይቷል። እንግዲህ መኪናችሁ ውስጥ ውሃ፣ ብርድ ልብስና ቆሎ ይኑር። ነዳጅ ከግማሽ አታውርዱ። መስታወቱ ላይ ሙቅ ውሃ አታፍሱ፤ እኔ አፍስሼ ከዳር እስከ ዳር ሲሰነጠቅ በዓይኔ አይቻለሁ።

የቤቱን ጉዳይ ታውቁታላችሁ። አሜሪካኖች ዳቦና ወተት ላይ ይረባረባሉ። እናንተ ቀድማችሁ እንጀራውን ያዙ፤ መንገድ ሲዘጋ የሚያመጣው መኪና አይመጣም፣ ሽሮ ብቻውን ደግሞ ምን ያደርጋል?

ሌሊቱ

ራዳሩ ላይ ሰማያዊው ቀለም ሲልቨር ስፕሪንግን ሸፍኖ፣ ውጭ ምንም ላይኖር ይችላል። አትናደዱ። ደረቁ አየር የሚወርደውን እየጠጣው ነው። ያቺ ኮዳ እየቀዘቀዘች ነው ማለት ነው። አንድ ሁለት ሰዓት ስጡት። ሰማዩን አትዩ፣ ጨለማ ላይ በረዶ አይታይም። የመንገድ መብራት ምረጡና ከሥሩ ያለውን ብርሃን እዩ። የእኔ መብራት ከሕንፃው በር ፊት ለፊት ያለው ነው። መጀመሪያ አቧራ ይመስላል። ከዚያ አቧራው መሽከርከር ያቆምና ቀጥ ብሎ መውረድ ይጀምራል። ልጄ ያን ሌሊት ፒጃማዋን ገልብጣ ለብሳ፣ ትራሷ ሥር ማንኪያ አድርጋ ነው የምትተኛው። የትምህርት ቤት ጓደኞቿ ያስተማሯት ነው፤ ትምህርት ቤት ይዘጋል ይላሉ። ማንኪያውን እኔ ራሴ አቀብላታለሁ።

ስትለኩ ሣር ላይ አትለኩ፣ ሣሩ ያሳብጠዋል። መኪና ጣራ ላይም አይሆንም። ነጭ የተቀባ ጠፍጣፋ ጣውላ፣ 16 በ24 ኢንች ያህል፣ ከግድግዳ ራቅ አድርጋችሁ አስቀምጡ። ቦታውንም በእንጨት ምልክት አድርጉ፣ አለዚያ ትቀብሩታላችሁ። በማስመሪያ እስከ ኢንች አሥረኛ ድረስ አንብቡ። መጥረግ ካስፈለገ በየስድስት ሰዓቱ እንጂ በየሰዓቱ አትጥረጉ፤ በየሰዓቱ የጠረገ ሰው በረዶው ሳይተኛበት ይቆጥርና ድምሩን ያጋንናል። ከዚያ ከሰው ቁጥር ጋር አትጣሉ። በጃንዋሪ 2016 ደለስ 29.3 ኢንች ሲለካ፣ ፖቶማክ ወንዝ ዳር ያለው ሬገን ኤርፖርት 17.8 ነበር። ዝቅታና ውሃ ዳር ያለ ቦታ ሁልጊዜ ይበደላል። አሌክሳንድሪያ ያለው ጓደኛዬ «እዚህ ዝናብ ነው» ብሎ ሲደውል እኔ በር ላይ ቆሜ ጫማዬን ማየት ያቃተኝ ጊዜ አለ።

ጠዋት ተረኛው ሲቀይረኝ ቁጥሩን ደብተሬ ላይ ከነሰዓቱ እጽፋለሁ። ከዚያ ለእናቴ እደውላለሁ። ዛሬ ዛሬ ስለ እህሉ አትጠይቅም።

«ስንት ጣት ገባ?» ትላለች።