ፋይበሩ ቤት ገብቶ ዋይፋዩ ለምን ይንቀራፈፋል?

ደብረ ማርቆስ ውስጥ ኬብል እዘረጋለሁ፣ ራውተር አስተካክላለሁ። ባለፈው ሳምንት ብቻ ሦስት ቤት ተጠራሁ። የሦስቱም ቅሬታ አንድ ነው፤ "ፋይበር አስገባን፣ ለውጥ ግን አላየንም።" ላፕቶፔን በኬብል ራውተሩ ላይ ሰካሁ። የተከፈለበት ፍጥነት ሳይጎድል መጣ። ሦስቱም ቤት! መስመሩ ጤነኛ ነው። ፍጥነቱ የሚባክነው ከራውተሩ እስከ ስልኩ ባለችው አሥር ሜትር ላይ ነው።

ሰው ገንዘቡን ከፍሎ ሲቸገር ማየት ያሳዝነኛል። ስለዚህ በየቤቱ የማየውን ልጻፈው።

ራውተሩን መደበቅ

ይሄን ሳላነሳ ወደ ሌላው ማለፍ አልችልም። ገብቼ "ራውተሩ የት ነው?" ስል ቤተሰቡ በሙሉ ይነሳል። የቡፌው በር ይከፈታል። ሰሃኑ ይነሳል፣ ብርጭቆው ይነሳል። ራውተሩ ከኋላ አለ፣ ዳንቴል ለብሶ። ሌላ ቤት ከቴሌቪዥኑ ጀርባ ነው። ሌላው ጋ ቁም ሳጥን ላይ፣ ከሁለት ሻንጣ መሃል። ሌላው ጋ መሬት ላይ፣ ከፍሪጁ ጎን።

ምክንያቱ ይገባኛል። አቧራ እንዳይነካው፣ ልጅ እንዳይጎትተው ነው። ዳንቴሉንም እናት በእጃቸው ሠርተው ነው ያለበሱት፤ ለዕቃው ክብር ሰጥተው። ግን እኮ ራውተር የሚሠራው በሬዲዮ ሞገድ ነው። ኩራዝ ለኩሶ እንቅብ የሚደፋበት ማን አለ? ብረት ሞገዱን ይመልሰዋል። የቴሌቪዥን ጀርባ፣ ፍሪጅ፣ የብረት በር፣ ትልቅ የፊት መስታወት ሁሉም ይከለክላሉ። ውሃ ደግሞ ይመጥጠዋል፤ ስለዚህ ከጀሪካንና ከበርሜል አርቁት። ዳንቴሉ ሞገድ አያግድም፣ ሙቀት ግን ያፍናል። የጋለ ራውተር ይደክማል፣ አንዳንዴም ራሱን አጥፍቶ ይነሳል።

ስህተቱ የሚጀምረው መስመሩ የገባ ቀን ነው። ሠራተኛው "የት ላድርግላችሁ?" ሲል ሁሉም "የሚመችህ ቦታ" ይላል። ለእሱ የሚመቸው መስኮቱ ሥር ነው፤ ገመዱ የገባው በዚያ ነዋ! እባካችሁ ቀድማችሁ ወስኑ። የቤቱ መሃል፣ ከደረት ከፍ ብሎ፣ ምንም ሳይጋርደው። ቆመው የሚታዩ አንቴናዎች ካሉት ቀጥ ብለው ይቁሙ። ጫፋቸውን ወደ መኝታ ቤት የሚያነጣጥር ሰው ብዙ ነው። ሞገዱ ግን የሚወጣው ከአንቴናው ጎንና ጎን እንጂ ከጫፉ አይደለም።

ሰሞኑን አንዱን ራውተር ከቡፌ አውጥቼ አራት ሜትር ርቆ ከፍ ያለ መደርደሪያ ላይ አስቀመጥኩት። ሌላ ምንም አልነካሁም። የቤቱ ልጅ ስልኩን አየና "ፓኬጁን አሳደግኸው እንዴ?" አለኝ።

በ2.4 ላይ መቅረት

አብዛኛው የዛሬ ራውተር ሁለት ሞገድ ይለቃል፤ 2.4 ጊጋኸርዝና 5 ጊጋኸርዝ። ስልካችሁ ላይ ሁለት ስም የሚታየው ለዚህ ነው። በሁለተኛው ስም ጫፍ ብዙ ጊዜ "5ጂ" የሚል ይኖራል። ብዙ ሰው ይሄን የሞባይሉ ፋይቭ ጂ ነው ብሎ "የእኔ ስልክ አይችልም" እያለ ይተወዋል። አይገናኙም። ከሞከራችሁት የብዙዎቻችሁ ስልክ ይይዘዋል።

ልዩነቱ ትንሽ አይደለም። አንድ አንቴና ያለው ስልክ በ2.4 ላይ፣ በተለመደው አሠራር፣ ከራውተሩ ጋር የሚስማማበት የፍጥነት ጣሪያ በሰከንድ 72 ሜጋቢት ነው። በእጅ የሚገባው ደግሞ ከዚያ ብዙ ያንሳል። ታዲያ የ100 ሜጋቢት ፓኬጅ በዚያ እንዴት ያልፋል? ሳሎን ስትሆኑ 5 ላይ ሁኑ። 2.4 ርቀትና ግድግዳ ላይ ይሻላል፣ ለጓሮ ያዙት።

ኮንዶሚኒየም ውስጥ ከሆናችሁ 2.4 ላይ የጎረቤት ራውተር ሁሉ ይጋፋችኋል። ቻናሉን፣ ማለትም ራውተሩ በ2.4 ውስጥ የሚያወራበትን መስመር፣ 1፣ 6 ወይም 11 አድርጉት። እርስ በርስ የማይነካኩት እነዚህ ሦስቱ ናቸው።

ፍጥነት ሲጠፋ ፓኬጅ ማሳደግ

ይሄ ገንዘብ መጣል ነው። አንድ አባት ልጃቸው የ12ኛ ክፍል ፈተና ላይ ነበረች። የምታጠናው ጓሮ ካለችው የቆርቆሮ ክፍል ነው። ቪዲዮው እየቆመ ሲያስቸግራት ፓኬጁን አሳደጉላት። አልተለወጠም። እንደገና አሳደጉ። አልተለወጠም። ትልቁ ቤት ወፍራም የጭቃ ግድግዳ አለው፤ ክረምት ላይ እርጥበት ሲይዝ ደግሞ ይብሳል። ከዚያ ቀጥሎ ቆርቆሮ። ቆርቆሮ ማለት እኮ ብረት ነው። መስመሩ የፈለገውን ያህል ቢፈጥን በዚያ አያልፍም።

መጀመሪያ የሄድኩ ጊዜ ሪፒተር፣ ማለትም የዋይፋይ ሞገድ ተቀብሎ መልሶ የሚለቅ ዕቃ፣ ገዝቼ ልጅቷ ክፍል ውስጥ ሰካሁላቸው። ጥፋቱ የእኔ ነው። ሪፒተር ያገኘውን ነው የሚያስተላልፈው፤ ሞገድ በሌለበት ክፍል ምን ያገኛል? ደህና ቦታ ቢቀመጥ እንኳ በአንድ ሞገድ እየተቀበለ በዚያው ስለሚልክ ፍጥነቱ ግማሽ ያህል ይቀንሳል። ተመልሼ ይቅርታ ጠየቅኩ። ከትልቁ ቤት 20 ሜትር ኬብል ዘረጋሁ፣ ጫፉ ላይ ቤት ውስጥ ተጥሎ የነበረ አሮጌ ራውተር አክሴስ ፖይንት (በኬብል የመጣውን ኢንተርኔት በዋይፋይ የሚለቅ) አድርጌ ሰካሁ። አባትየው ፓኬጁን ወደ ድሮው መለሱት። እሷም ቪዲዮዋን ሳይቆምባት አየች።

ኬብሉን ስትዘረጉ ስምንቱም ክሮች ይሰኩ። በአራት ክር ብቻ የታሰረ ኬብል ከ100 ሜጋቢት አያልፍም። የአሮጌ ራውተር መሰኪያም እንዲሁ 100 ላይ ሊቆም ይችላል፤ ከመግዛታችሁ በፊት ጊጋቢት መሆኑን ጠይቁ።

የተሰረቃችሁ የሚመስላችሁም አላችሁ። "100 ገዝቼ 12 ነው የሚያወርድልኝ" ይሉኛል። የገዛችሁት በሜጋቢት ነው፣ ስልኩ የሚያሳያችሁ በሜጋባይት። አንድ ባይት ስምንት ቢት ነው። 100ን ለ8 አካፍሉት፤ 12.5 ነው። ማንም አልሰረቃችሁም።

ፓስዎርዱን ለሰፈሩ መስጠት

ቡና ሊጠጣ የመጣ ሰው ሲጠይቅ መከልከል ይከብዳል፣ አውቃለሁ። ግን ዋይፋይ እንደ ሽምግልና ነው፤ በአንድ ቻናል ላይ በአንድ ጊዜ አንዱ ብቻ ይናገራል። ከአጥር ማዶ ያለ ደካማ ስልክ ቀስ ብሎ ነው የሚያወራው። እሱ እስኪጨርስ የእናንተ ስልክ ተራ ይጠብቃል። ለእንግዳ የሚሆን የተለየ ስም ራውተሩ ላይ ክፈቱ፣ ፍጥነቱንም መገደብ ከቻለ ገድቡት።

በመርፌ መውጋት

መብራት ጠፍቶ ሲመለስ ራውተሩ ሁለት ሦስት ደቂቃ ይፈልጋል። ያንን ሳይታገሱ በትንሿ ቀዳዳ መርፌ የሚያስገቡ አሉ። እሷ ቀዳዳ ማስነሻ አይደለችም። ራውተሩን ከፋብሪካ እንደወጣ ታደርገዋለች፤ ሲገባ የተሞላው የመስመሩ ስምና ፓስዎርድ ይጠፋል። ከዚያ ሠራተኛ እስኪመጣ ያለ ኢንተርኔት መቀመጥ ነው። መርፌዋን ተዉአት፤ ከሶኬት ነቅላችሁ ትንሽ ቆይታችሁ ሰኩት።

ክረምት ላይ ደግሞ ነጎድጓድ ሲጀምር ሮጠው ፋይበሩን የሚነቅሉ አሉ። ውስጡ ያለው የብርጭቆ ክር ኢንተርኔቱን በብርሃን ያመጣል እንጂ ኤሌክትሪክ አያስተላልፍም። መብረቁ ራውተር የሚያቃጥለው ብዙ ጊዜ በመብራቱ መስመር ገብቶ ነው፤ የሚነቀለው አዳፕተሩ ነው። የፋይበሩ ጫፍ በተነቀለ ቁጥር አቧራና የጣት ቅባት ይይዛል፣ ብርሃኑም ይቀንሳል። ገመዱን ግድግዳ ጥግ ላይ አጥፋችሁ በሚስማር አታጣብቁት፤ ሲታጠፍ ብርሃኑ በጎን ይፈስሳል። ሰፋ አድርጋችሁ አዙሩት። ቀይ መብራት ከበራ ብርሃኑ አልደረሰም ማለት ነው። ያኔ ጫፉን ነቅላችሁ በዓይናችሁ አትዩት፤ ጨረሩ አይታይም፣ ዓይን ግን ይጎዳል። ለባለሙያ ደውሉ።