ኮምፕሬሰሩ ያጉረመርማል እንጂ አይነሳም፦ የቤት ጋራዥ ችግሮችና መፍትሄያቸው

ድሬዳዋ ውስጥ ግቢው ላይ ቆርቆሮ ጥሎ የአባቱን ፔጆ 404 ለማደስ የተነሳ ሰው ሲጠራኝ፣ ገና በሩ ላይ ሳለሁ ችግሩን የምገምትበት ጊዜ ይበዛል። 404 እ.ኤ.አ. በ1960 ለገበያ የወጣች፣ ቅርጿን የጣሊያኑ ፒኒንፋሪና የነደፈላት መኪና ናት። ሐረር ላይ በታክሲነት ስታገለግል ያየ ሰው ጥንካሬዋን ያውቃል። እሷን ማደስ ትዕግሥት ይፈልጋል እንጂ ከሰው አቅም በላይ አይደለም። ሰውን ተስፋ አስቆርጦ መኪናዋን በሸራ ተሸፍና እንድትቀር የሚያደርጋት የተሠራላት ጋራዥ ነው።

ስፒናው መሰካቱን፣ ብሬከሩ አለመውረዱን፣ የኮምፕሬሰሩ ዘይት በልኩ መሆኑን አይታችኋል ብዬ ልጀምር።

ምልክት፦ ኮምፕሬሰሩ ጠዋት ይሠራል፣ ማታ ያጉረመርማል

ደጋግሜ የማየው ይህንን ነው። ጠዋት ያለ ችግር ይነሳል። ማታ የሰፈሩ ቬንትሌተር ሁሉ ሲከፈት ግን «እምምም» እያለ ይቀራል፣ አምፖሉ ይደበዝዛል፣ ትንሽ ቆይቶ የመቃጠል ሽታ ይመጣል። ባለቤቱ ማሽኑን ይረግማል፣ ሞተር ያስጠቀልላል፣ ካልሆነም ሌላ ይገዛል። ሌላውም ሁለት ወር ሠርቶ ያንኑ ያደርጋል።

ምንም ከመግዛታችሁ በፊት የታንኩን አየር ሙሉ በሙሉ አስወጡና አስነሱት። ባዶ ታንክ ይዞ የሚነሳ፣ አየር ሲኖረው ግን የሚያቅተው ከሆነ ጆሯችሁን ስጡት። ሞተሩ በራሱ ሲቆም ከግፊት መቆጣጠሪያው በኩል «ፍስስ» የሚል አጭር ድምፅ መሰማት አለበት። ይህ ድምፅ ከፒስተኑ በላይ የቀረው አየር መውጣቱን ይነግራችኋል። ካልተሰማ ሞተሩ በሚቀጥለው ጊዜ የሚነሳው የታመቀ አየር እየገፋ ነውና ያቅተዋል፤ እዚያው ያለችውን ትንሽ ቫልቮላ አጽዱ ወይም ቀይሩ። ድምፁ ሳያቋርጥ የሚቀጥል ከሆነ ደግሞ ታንኩ መግቢያ ላይ ያለው አየር የማይመልሰው ቫልቮላ ቆሽሿል ወይም ጎማው አልቋል። ታንኩን ባዶ ሳታደርጉ አትፍቱት።

ባዶ ታንክም ይዞ የማይነሳ ከሆነ ቮልት የሚለካ ቴስተር አምጡ። ኮምፕሬሰሩ የተሰካበት ማከፋፈያ ላይ ሁለተኛ ቀዳዳ ይኖራል፤ የቴስተሩን ጫፍ እዚያ አስገብታችሁ አንድ ሰው ማሽኑን እንዲያበራ አድርጉ። ቁጥሩን ማየት ያለባችሁ ሞተሩ ለመነሳት በሚታገልበት ቅጽበት ነው። ማሽኑ ጠፍቶ 220 ቮልት ማንበብ ምንም አይነግራችሁም። ብዙ ኤሌክትሪሻን የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው፤ ባዶ ሶኬት ለክቶ «መብራቱ ጤነኛ ነው» ብሎ ሂሳቡን ተቀብሎ ይሄዳል። ማጉረምረሙን ደግሞ ከሦስት ሰከንድ በላይ አትፍቀዱለት። የሞተሩ ጥቅል የሚቃጠለው በዚያች ጊዜ ነው።

ሂሳቡ ይኸው። 2 የፈረስ ጉልበት ያለው ባለ አንድ ፌዝ ሞተር ሲሠራ 10 አምፔር ያህል ይወስዳል፣ ሲነሳ ግን የዚያን አምስት እጥፍ፣ ማለትም 50 አምፔር ገደማ ይጠይቃል። ከቆጣሪው እስከ ጋራዡ 30 ሜትር ቢሆን ኤሌክትሪኩ ሄዶ ይመለሳልና 60 ሜትር ሽቦ ነው። ሽቦው ለአምፖል የሚዘረጋው ባለ 1.5 (የመዳቡ የተቆረጠ ፊት ስፋት 1.5 ካሬ ሚሊ ሜትር ማለት ነው) ከሆነ በዚያች ቅጽበት መንገድ ላይ የሚቀረው 36 ቮልት ነው። ባለ 2.5 ከሆነ 22፣ ባለ 4 ከሆነ 14፣ ባለ 6 ከሆነ 9 ቮልት ብቻ ይጠፋል። የሞተር የመነሻ ጉልበት ከቮልቱ ጋር እኩል አይወርድም፣ በካሬው ነው የሚወርደው። 220 የነበረው 184 ሲሆን ጉልበቱ ወደ ሰባ በመቶ ይወርዳል። ማታ ከመስመሩ የሚመጣው ራሱ 195 ሆኖ ከጠበቃችሁ ደግሞ ወደ ግማሽ ይጠጋል። ግማሽ ጉልበት ያለው ሞተር ያጉረመርማል እንጂ አይነሳም። ማሽኑ አልተበላሸም፣ ተርቧል።

እዚሁ ድሬዳዋ፣ ሳቢያን ሰፈር ውስጥ አንድ ወጣት ሁለት ኮምፕሬሰር አቃጥሎ ነበር ያገኘሁት። «አቦ ጋሼ፣ ሦስተኛውን ልግዛ ወይስ መኪናዋን ልሽጣት?» አለኝ። ቆጣሪው ላይ 214 ቮልት ነበር፤ ጋራዡ ውስጥ ሞተሩ ሲታገል 161። በመስመሩ ላይ እጄን እያስኬድኩ መጣሁ፤ የኩሽናው ግድግዳ ጥግ ላይ ልስኑ ሞቋል። ልስኑን ስንፈነቅለው ሁለት ሽቦ በጣት ተጠምዝዞ፣ ፕላስተር ተጠቅልሎበት፣ ያለ ሳጥን በሲሚንቶ ተቀብሯል። ፕላስተሩ ቀልጦ እንደ ጥቁር ማር ይንጠባጠባል፣ መዳቡ አረንጓዴና ጥቁር ሆኗል። ከዚያ ግድግዳ ማዶ የጋዝ ሲሊንደር ተቀምጧል፣ እናቱም እዚያው ሽንኩርት ይከትፉ ነበር። ያንን የሠራውን ሰው ባገኘው ዝም አልለውም ነበር። አዲስ መስመር ዘርግተን ያንኑ «የሞተውን» ኮምፕሬሰር ሰካነው፤ በመጀመሪያው ሙከራ ተነሳ።

ከዚራ ሰፈር ውስጥ የገጠመኝ ደግሞ ሌላ ነው። ባለቤቱ ጠንቃቃ ሰው ናቸው፤ ዕድሜያቸውን በባቡሩ ወርክሾፕ ያሳለፉ፣ ቁልፎቻቸውን በየቁጥራቸው የሚሰቅሉ። ባለ 4 ሽቦ ገዝተው ራሳቸው በቱቦ ዘርግተውታል። ቮልቱ ግን ይወርዳል። የሽቦውን ጫፍ በቢላ ስፍቀው ከቀዩ ቆዳ ሥር ነጭ ብረት ወጣ፦ መዳብ የተቀባ አሉሚኒየም። ላዩ ላይ «4» ተብሎ ታትሟል። እኚያ ሰው ለብዙ ደቂቃ ዝም ብለው ሽቦውን ሲያገላብጡ ማየት ያሳዝናል። ስለዚህ ሽቦ ስትገዙ ቢላና ካሊፐር ይዛችሁ ሂዱ። ባለ አንድ ዘንግ ሽቦ ፕላስቲኩ ተልጦ ሲለካ ባለ 1.5 ውፍረቱ 1.38 ሚሊ ሜትር፣ ባለ 2.5 ደግሞ 1.78፣ ባለ 4 ደግሞ 2.26 መሆን አለበት። «2.5» ተብሎ የተሸጠና 1.4 የሚለካ ጥቅል በእጄ ይዤ አውቃለሁ። የፕላስቲኩ ውፍረት አያታላችሁ።

ሦስተኛው ዓይነት ተጠቅልሎ የሚቀመጠው ረጅም ማራዘሚያ ነው። 50 ሜትር ማራዘሚያ ጥቅሉን ሳይፈቱ ብየዳና ኮምፕሬሰር የሚሰኩበት ሰዎች አሉ። ሙቀቱ መውጫ ስለሌለው የውስጡ ዙር ቀልጦ እርስ በርሱ ይጣበቃል። ማራዘሚያ ሙሉ በሙሉ ይዘርጋ፤ ለቋሚ ሥራ ግን ጭራሽ አይሁን።

መፍትሄው አንድ ነው፤ ከቆጣሪው ሥር ካለው ማከፋፈያ ራሱን የቻለ መስመር፣ ባለ 6 ንጹሕ መዳብ፣ በቱቦ ውስጥ፣ መሀል ላይ ምንም መገጣጠሚያ የሌለው። ብሬከሩ ለሞተር መነሻ የሚታገሠው «ሲ» ዓይነት ይሁን። ገንዘቡ ካልበቃ ደግሞ ማሽኑን ወደ ቆጣሪው አስጠጉና የአየሩን ጎማ አርዝሙ። አየር 30 ሜትር ሲጓዝ የሚያጣው ትንሽ ነው፤ ማሽኑም ከቀለሙ ብናኝ ይርቃል፣ ጩኸቱም ከጆሯችሁ ይወጣል። ይህን ነግሬያቸው በዚያው ቀን የተገላገሉ ብዙ ናቸው።

ብሬከሩ ደጋግሞ ስለወረደ ትልቅ ብሬከር አትቀይሩ። በቀጭን ሽቦ ላይ 40 አምፔር ብሬከር ማሰር ቤቱን ለእሳት ማዘጋጀት ነው። ይህን እለምናችኋለሁ።

ቮልቱ ሳይወርድ የሚያጉረመርም ከሆነ ሞተሩን ለማስነሳት የሚያግዘው ካፓሲተር ነው። ያበጠ ወይም ዘይት ያፈሰሰ ካፓሲተር መለካት ሳያስፈልገው ይቀየር። እንዲህ ያለው ካፓሲተር ሙቀቱ በ10 ዲግሪ በጨመረ ቁጥር ዕድሜው በግማሽ ይቀንሳል፤ እኛ ደግሞ ማሽኑን በሰኔ ሙቀት ከቆርቆሮ ሥር እናስቀምጠዋለን። ጥላና ነፋስ ያለበት ቦታ ስጡት። ካፓሲተሩን በእጅ ከመንካታችሁ በፊት ስፒናውን ነቅላችሁ በአምፖል አማካይነት ኃይሉን አስወጡለት።

ምልክት፦ የመኪናዋ በር ሲነካ ይቆነጥጣል

ሥራ አቁሙ። አሁኑኑ። ምክንያቱ ከሁለት አንዱ ነው፤ ኧርዝ (ያመለጠ ኤሌክትሪክን ወደ መሬት የሚወስደው ሽቦ) የለም፣ ወይም አንድ ሰው ኧርዙን ከኒውትራል (ኤሌክትሪኩ ከሚመለስበት ሽቦ) ጋር አስሮታል። ሁለተኛው በጣም የተለመደና በጣም ክፉ ነው። ኒውትራሉ አንድ ቀን የላላ እንደሆነ የብየዳው ማሽን፣ የኮምፕሬሰሩ ታንክና የመኪናዋ አካል በሙሉ ፌዝ ይሆናሉ፣ ማለትም ኤሌክትሪክ ይይዛሉ። የእኛ ከተማ አፈር አሸዋማና ደረቅ ስለሆነ አንድ ሜትር ብረት ቀብሮ «ኧርዝ አለኝ» ማለት አይቻልም። ዘንጉ ጠለቅ ብሎ፣ የመታጠቢያ ቤት ውሃ ለሚያርሰው መሬት ቀርቦ ይቀበር። 30 ሚሊ አምፔር ላይ የሚቆርጠውን የሕይወት አድን ብሬከርም አስገቡ። ቀለም ስትቀቡ አቧራ እንዳይነሳ ወለሉን ውሃ የምትረጩ ሰዎች ከሆናችሁ ያለዚህ ብሬከር አትርጩ።

ምልክት፦ ብየዳው ላዩ ላይ ይቀመጣል፣ ላሜራውን አይዝም

ከላይ የተባለው የቮልት መውረድ ነው። ብየዳውን ከአየር የሚከልል ጋዝ በሚነፋ ማሽን የምትበይዱ ከሆነ ከሰዓት በኋላ የሚነሳው ነፋስም ጋዙን ይወስደዋል፤ ብየዳው እንደ ስፖንጅ ቀዳዳ ይሆናል። በሸራ ከልሉ። የነዳጅ ታንኩን ግን በቤታችሁም ሆነ በግቢያችሁ አትበይዱ፤ ለዓመታት ባዶ የነበረ ታንክ ውስጥም የቤንዚን ትነት አለ።

ምልክት፦ ቀለሙ ላይ እንደ መርፌ ጫፍ የሚያህሉ ጉድጓዶች፣ ከወራት በኋላ እብጠት

ከአየሩ ጋር ውሃ ይመጣል። የታመቀ አየር ከማሽኑ ሲወጣ ትኩስ ነው፣ ውሃውንም በትነት ይዞት ይወጣል፤ ጎማው ውስጥ ሲቀዘቅዝ ጠብ ይላል። ፊልትሮውን ማሽኑ አፍ ላይ የሚያስር ሰው ገንዘቡን ጣለ፤ እዚያ ውሃው ገና ትነት ነው። ከማሽኑ ቀጥሎ አሥር ሜትር ያህል የብረት ቧንቧ በግድግዳው ላይ ወደ ታች አዘንብላችሁ ዘርጉ፣ ዝቅተኛው ጫፍ ላይ ማፍሰሻ ቧንቧ ግጠሙ፣ ፊልትሮው ከዚያ በኋላ ይምጣ። የታንኩን ውሃ በየምሽቱ አፍስሱ። ከውስጥ የዛገ ታንክ አንድ ቀን ይፈነዳል፤ የግፊት ማስተንፈሻዋ ስላፏጨች በቡሎን የደፈነ ሰው አይቻለሁና ይህን ሳልናገር አላልፍም።

ምልክት፦ ቀለሙ ሲደርቅ እንደ ብርጭቆ ወረቀት ይሻክራል

ቀለሙ ላሜራው ላይ ሳይደርስ አየር ላይ ደርቋል። ለሙቀት የተሠራውን ቀስ ብሎ የሚደርቅ ቲነር ተጠቀሙ፣ ከጠዋቱ 12 ሰዓት እስከ 2 ሰዓት ባለው ጊዜ ቅቡ። ሐረር ከእኛ 700 ሜትር ያህል ከፍ ስለምትል ቀዝቃዛ ናት፤ እዚያ ያለ ወዳጃችሁ የሚነግራችሁ የቲነር መጠን እዚህ አይሠራም።

ምልክት፦ ትናንት የጠራ ላሜራ ዛሬ ዝጓል

የእጅ ላብ ነው። ጓንት አድርጉ፣ ያጠራችሁትን በዚያው ቀን ፀረ ዝገት ቀለም ቀቡት።

ምልክት፦ ክረምት ላይ ጋራዡ ውሃ ይገባዋል

የ1998 ዓ.ም. ክረምትን ጎርፍ ያየ የድሬዳዋ ሰው ወለሉን ከመንገዱ ከፍ ማድረግን ማንም ሊያስታውሰው አይገባም ነበር። ሶኬቶች ከወለሉ ቢያንስ አንድ ሜትር ከፍ ይበሉ።

ምልክት፦ ክሪኩ ወይም መደገፊያው ወደ አንድ ወገን ያዘነብላል

404 አንድ ቶን ትበልጣለች። ያ ክብደት የሚያርፈው እንደ መዳፍ በሚያህሉ አራት እግሮች ላይ ነው። አምስት ሴንቲ ሜትር ሲሚንቶ በአሸዋ ላይ የፈሰሰበት ወለል ጠዋት ይይዛትና ቀትር ላይ ይሰነጠቃል። ወለሉ ከመፍሰሱ በፊት አፈሩ እየረጠበ ይደብደብ፣ ድንጋይ ይነጠፍ፣ ብረት ታስሮበት ቢያንስ 12 ሴንቲ ሜትር ይሙላ። ወለሉ ቀድሞ ተሠርቶ ከሆነ ከእያንዳንዱ መደገፊያ ሥር 40 በ40 የሆነ ወፍራም የብረት ሰሌዳ አስቀምጡ። ብሎኬት አትጠቀሙ፤ ብሎኬት ሳያስጠነቅቅ ነው የሚደቅቀው። ከሥሯ ከመግባታችሁ በፊት የወጣውን ጎማ ከላሜራዋ ሥር አንሸራቱት፣ ከዚያ መኪናዋን በሁለት እጅ ገፋ ገፋ አድርጓት። ከተንቀሳቀሰች እንደገና አውርዳችሁ ጀምሩ።