በሚያድግ ከተማ ለእግረኛና ለብስክሌተኛ መንገድ እንዴት ይታቀዳል? ባሕር ዳርና ዙሪያዋ እንደ ምሳሌ

ባሕር ዳርን የሚያውቅ ሰው ብስክሌትን ሳያስታውስ አይቀርም። ከተማዋ ጣና ዳር በሜዳ ላይ የተቆረቆረች፣ ዋና ዋና ጎዳናዎቿም በዘንባባ የተዋቡ በመሆናቸው ተማሪውም፣ ሠራተኛውም፣ ነጋዴውም ለረጅም ዘመን በብስክሌት ሲመላለስባት ኖሯል። ከተማዋ ከሰፋችና ባጃጅ ከበዛ ወዲህ ግን ብስክሌተኛው ከአስፋልቱ ጠርዝ ላይ እየተገፋ፣ እግረኛውም ከብስክሌተኛው ጋር በአንዲት ጠባብ ዳር እየተጋፋ ነው። ይህ መመሪያ የተጻፈው በፍጥነት በሚያድጉ ከተሞች በፕላን፣ በመንገድና በትራንስፖርት ሥራ ላይ ለተሰማሩ ባለሙያዎች እንዲሁም መንገዱ በደጃቸው ለሚያልፍ ነዋሪዎች ነው።

ሥራው የሚጀመረው ከቆጠራ ነው። የትራፊክ ጥናት ሲባል ብዙውን ጊዜ የሚቆጠረው ተሽከርካሪ ብቻ ስለሆነ በእግሩ የሚሄደው ሕዝብ በጥናቱ ሰነድ ውስጥ ጨርሶ አይታይም፤ ላልተቆጠረ ሰው ደግሞ በጀት አይያዝም። በአዲስ አበባ እንኳ ከጉዞዎች ከግማሽ በላይ የሚሆኑት በእግር የሚከናወኑ ናቸው። ስለዚህ በድልድይ አፍ፣ በመናኸሪያ በር፣ በትምህርት ቤት መግቢያና ወደ ገበያ በሚወስደው መታጠፊያ ላይ ሁለት ሁለት ቆጣሪዎችን አቁሙ፤ ከጠዋቱ 12 እስከ 3 ሰዓት፣ ከዚያም ከቀኑ 10 እስከ ምሽቱ 1 ሰዓት ይቁጠሩ። አንዱ ቀን ተራ የሥራ ቀን፣ ሌላው የገበያ ቀን ይሁን፤ የበዓል ሰሞን ግን አይመረጥ። ቆጠራው በበጋ ብቻ ከተደረገ በሐምሌ ጭቃ ሸሽቶ ወደ አስፋልቱ የሚወጣው እግረኛ ስለማይታይ በክረምትም ይደገም። በቅጹ ላይ ሴትና ወንድ፣ ሕፃንና አረጋዊ፣ አካል ጉዳተኛ፣ ሸክም የያዘ፣ ብስክሌት የሚነዳና ብስክሌት የሚገፋ ተብሎ ይለይ። የሚገፋውን ለይቶ መመዝገብ ትንሽ ነገር ይመስላል፤ ሆኖም ሰው ከብስክሌቱ ወርዶ የሚገፋበት ቦታ መንገዱ የሚያስፈራበት ወይም የተበላሸበት ቦታ ስለሆነ ከማንኛውም መጠይቅ የተሻለ ማስረጃ ነው።

ቀጥሎ ካርታ ይዘርጋ። በሰዓት 5 ኪሎ ሜትር የሚራመድ ሰው በግማሽ ሰዓት 2.5 ኪሎ ሜትር ይደርሳል፤ በሰዓት 15 ኪሎ ሜትር የሚሄድ ብስክሌተኛ ደግሞ በዚያው ጊዜ 7.5 ኪሎ ሜትር ይጓዛል። ርቀቱ 3 እጥፍ ቢሆንም የሚደረስበት የመሬት ስፋት 9 እጥፍ ነው። በገበያው፣ በሆስፒታሉና በዩኒቨርሲቲው ዙሪያ እነዚህን ሁለት ክቦች ስትስሉ ሰፊው ክብ ቤት በብዛት እየተሠራባቸው ወዳሉት ዳርቻዎችና ከዚያም አልፎ ወደ ገጠር ቀበሌዎች ሲዘልቅ ታያላችሁ። እቅዱ በከተማ ወሰን ላይ መቆም የማይችለውም በዚህ ምክንያት ነው። ባሕር ዳር በዙሪያዋ ካሉት ከዘንዘልማ፣ ከመሸንቲ፣ ከጢስ ዓባይና ከዘጌ ጋር አንድ ላይ ካልታየች የዩኒቨርሲቲው የዘንዘልማ ግቢ ተማሪና የመሸንቲ ገበያተኛ ከእቅዱ ውጭ ይቀራሉ። በ2016 ዓ.ም. የተመረቀው 380 ሜትር ርዝመት ያለው አዲሱ የዓባይ ድልድይ ለእግረኛና ለብስክሌት የተለየ መስመር ይዟል፤ የእንዲህ ዓይነቱ መስመር ጥቅም የሚታየው ግን ከድልድዩ ወዲህና ወዲያ ያለው መንገድ ሳይቋረጥ ሲቀጥለው ነው።

እዚህ ላይ የሚያስቸግረው የባለቤትነት ጉዳይ ነው። ዋና መውጫ መንገዶች በፌዴራል፣ ሌሎቹ በክልል፣ የውስጥ ለውስጦቹ ደግሞ በከተማ አስተዳደሩ ሥር ስለሚሆኑ የእግረኛው መንገድ ኃላፊነቱ በሚለወጥበት ቦታ ላይ እንዳይቆረጥ ማን እንደሚሠራ፣ ማን እንደሚጠርግና የመብራቱን ወጪ ማን እንደሚከፍል የሚገልጽ የጽሑፍ ስምምነት ግንባታው ሳይጀመር መፈረም አለበት። ለበጀት ጥያቄው እ.ኤ.አ. ከ2020 እስከ 2029 እንዲያገለግል የወጣው አገር አቀፍ የሞተር አልባ ትራንስፖርት ስትራቴጂ ጥሩ መሠረት ስለሆነ በሰነዱ ውስጥ ይጠቀስ።

ከሁሉም በላይ ግን ልብ ሊባል የሚገባው መሬቱን አስቀድሞ መያዝ ነው። ቦታ ተመርቶ፣ አጥር ታጥሮና ካርታ ተሰጥቶ ካበቃ በኋላ 3 ሜትር ለማስመለስ ካሳ፣ ክርክርና ዓመታት ያስፈልጋሉ፤ ሽንሻኖው ሳይጀመር ከሆነ ግን በፕላኑ ላይ አንድ መስመር ማስመር ይበቃል። የእግረኛና የብስክሌት መንገድ ወጪ ይበዛል የሚሉ ሰዎች አብዛኛውን ጊዜ የሚናገሩት ስለዘገየው መንገድ ነው። ስለዚህ አዲስ ሰፈር ሲሸነሸን ሰው ረጅም ዙር እንዳይዞር በየ100 ወይም በየ150 ሜትሩ ቅያስ ይተው፤ የወንዝና የሐይቅ ዳርቻውም በግለሰብ አጥር ሳይዘጋ ለመተላለፊያ ይጠበቅ።

በዲዛይኑ ላይ ለእግረኛ ምሰሶም፣ ዛፍም፣ ማስታወቂያም ያልቆመበት ቢያንስ 2 ሜትር ክፍት መተላለፊያ ይኑር፤ በገበያና በመናኸሪያ አካባቢ ከዚያ በጣም ይስፋ። ጉልት ሻጮችንና ሊስትሮዎችን ማባረር መንገዱን ለጥቂት ቀን ብቻ ያጸዳል፤ ዛፉና ምሰሶው በሚቆሙበት መስመር ላይ የራሳቸው ቦታ ቢሰጣቸው ግን መተላለፊያውም ክፍት ይሆናል፣ ምሽት ላይም መንገዱ ሰው ያለበት ስለሚሆን ሴቶች ሳይሰጉ ያልፉበታል። የጠርዝ ድንጋዩ ከ15 ሴንቲ ሜትር አይብለጥ። መውጫና መውረጃው 1 ለ12 ተዳፋት ስለሚያስፈልገው ለ15 ሴንቲ ሜትር ከፍታ 1.8 ሜትር ርዝመት ይያዝለት። በየግቢው በር ላይ መኪናው ወደ እግረኛው መንገድ ከፍታ ይውጣ እንጂ እግረኛው በየበሩ እየወረደ አይውጣ። የጎርፍ መውረጃ ቦዮች ክዳን ይኑራቸው፤ በዝናብ ጊዜ የሚያንሸራትት ልሙጥ ንጣፍም አይመረጥ።

ብስክሌቱ በአንድ አቅጣጫ ብቻ የሚሄድ ከሆነ 2 ሜትር፣ በሁለቱም አቅጣጫ ከሆነ 3 ሜትር ስፋት ያስፈልገዋል። መስመሩ በቀለም ብቻ ከተለየ ወዲያው የባጃጅ መቆሚያ ስለሚሆን በጠርዝ ድንጋይ ይከለል። ኮብልስቶን ለብስክሌት አይመችም፤ ለስላሳ አስፋልት ወይም ኮንክሪት ይሻላል። እንደ ደሴና ጎንደር ባሉ አቀበት በበዛባቸው ከተሞች ግን ገንዘቡን አስቀድሞ ለእግረኛው ማዋልና የብስክሌት መስመሩን ዳገቱን በቀጥታ ሳያስወጡ በጎን በኩል አዙሮ መውሰድ ይበጃል።

ማቋረጫዎች ሰው በሚያቋርጥበት ቦታ ይሠሩ፤ ርቆ የተቀመጠ ዜብራ አይረዳም። በሰዓት 50 ኪሎ ሜትር የሚሄድ መኪና በ30 ከሚሄደው ይልቅ ሦስት እጥፍ የሚጠጋ የግጭት ኃይል ስላለው በትምህርት ቤትና በገበያ አካባቢ ማቋረጫው ከእግረኛው መንገድ እኩል ከፍ ብሎ ቢሠራ አሽከርካሪው ያለ ትራፊክ ፖሊስም ፍጥነቱን ይቀንሳል።

ሰውን ለማበረታታት ቅስቀሳ ብቻውን አይበቃም። በአዲስ አበባ በ2011 ዓ.ም. የተጀመረው «መንገድ ለሰው» እንዳሳየው ጎዳና ለጥቂት ሰዓታት ከመኪና ነፃ ሲሆን ሕፃናት ወዲያው ይሞሉታል፤ በየከተማው በወር አንድ እሑድ ቢደረግና በዚያው ቀን ሴቶችና ልጃገረዶች ብስክሌት መንዳት የሚማሩበት ቦታ ቢዘጋጅ መልካም ነው። በትምህርት ቤቶች፣ በመሥሪያ ቤቶችና በመናኸሪያዎች ጥበቃ ያለው ማቆሚያ ይሠራ፤ ለጎማ ለጣፊዎችና ለብስክሌት አከራዮችም በመስመሩ ዳር የመሥሪያ ቦታ ይሰጣቸው፤ የተነፈሰ ጎማ የሚጠግንለት ሰው በቅርብ ያጣ ብስክሌተኛ በማግስቱ ወደ ባጃጅ ይመለሳልና።

መንገዱ ከተመረቀ በኋላም ለጥገና፣ ለጽዳትና ለመብራት በየዓመቱ የተለየ የበጀት መደብ ይያዝ። ዓመት ሲሞላ ቆጣሪዎቹ በዚያው ቦታና በዚያው ሰዓት ተመልሰው ይቁሙ፤ ብስክሌታቸውን የሚገፉት ሰዎች ቁጥር ባልቀነሰበት ቦታ የቀጣዩ ዓመት ሥራ ከዚያ ይጀመር።