«ዳገት ላይ ነው ቁልቁለት ላይ?»፦ የወሎ ሳይክል ነጂ ችግርና መፍትሄ

ደሴ ላይ ሜዳ ፈልጎ ሳይክል መንዳት ዘበት ነው። ከፒያሳ ተነስታችሁ ወዴትም ሂዱ፤ ወይ ትወጣላችሁ ወይ ትወርዳላችሁ።

ሳይክሌን የሚጠግኑልኝ ጋሼ ይህን ስለሚያውቁ ነው መሰለኝ፣ «ተበላሸብኝ» ብዬ ስሄድ ፒንሳ ከማንሳታቸው በፊት አንድ ነገር ይጠይቁኛል። «ዳገት ላይ ነው ቁልቁለት ላይ?» መጀመሪያ ሰሞን የሚያሾፉብኝ ይመስለኝ ነበር። ምን ልዩነት አለው? ሳይክሉ ያው አንድ ሳይክል ነው። ቆይቶ ነው የገባኝ። ዳገት ላይ የሚጨነቀው ካቴናው፣ ማርሹ፣ ጉልበታችሁና ሆዳችሁ ነው። ቁልቁለት ላይ ደግሞ ፍሬኑና ጎማው። ችግሩ የት ላይ እንደጀመረ ካወቃችሁ የፍለጋው ግማሽ አለቀ። እኔም እዚህ በዚያው አከፋፈል ነው የምሄደው፤ ከቁልቁለቱ እጀምራለሁ።

ቁልቁለት ላይ ፍሬኑ እየላላ ሄደ

ከደሴ ኮምቦልቻ 25 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። ደሴ ከባሕር ወለል በላይ 2,500 ሜትር አካባቢ ላይ ናት፤ ኮምቦልቻ 1,850 አካባቢ። በመሃል ያለውን የሐረጎን ተራራ ይዛችሁ ስትወርዱ ከ600 ሜትር በላይ ከፍታ ወደ ታች ትለቃላችሁ ማለት ነው። ያ ሁሉ ጉልበት የትም አይጠፋም፤ ፍሬን ስትይዙ ወደ ሙቀት ይለወጣል። ሙቀቱን የሚሸከሙት ደግሞ ከአውራ ጣት እምብዛም የማይበልጡ አራት የፍሬን ሸራዎች ናቸው።

ሐረጎን መጀመሪያ የወረድኩ ቀን ፍሬኑን ከላይ እንደጨበጥኩ ነው የወረድኩት። ፈርቼ ነበር፣ ምን ልደብቅ። መሃል ላይ የተቃጠለ ነገር ሸተተኝ። ከፊቴ የሚሄደው አይሱዙ ነው ብዬ እሱን አማሁ። ቀጣዩ መታጠፊያ ላይ ስይዝ የፍሬኑ እጀታ መሪው ጋ ደረሰ፣ ሳይክሉ ግን አልቆመም። በተራራው በኩል ያለው ቦይ ውስጥ ገብቼ ነው የቆምኩት። ክርኔ ተላጠ፤ ከዚያ ያለፈ አልደረሰብኝም። አንድ እረኛ ልጅ ሮጦ መጣና «አብሽር፣ ተነስ» ብሎ ሳይክሉን ሊያነሳልኝ ጎንበስ አለ። እጁ ዲስኩን፣ ፍሬኑ የሚይዘውን ክብ ብረት፣ ሊነካ ሲል ነው የጮህኩት። ያን ጊዜ ብረቱ እንቁላል ይጠብሳል።

ፍሬን በትንሹ ተይዞ ለረጅም ጊዜ ሲቆይ መቀዝቀዣ ጊዜ አያገኝም። ስለዚህ ተቃራኒውን አድርጉ። ልቀቁት፤ መታጠፊያ ሲቀርብ ጠበቅ አድርጋችሁ ያዙ፤ ፍጥነቱ ሲበርድ እንደገና ልቀቁ። የምትይዙት ኩርባው ውስጥ ሳትገቡ ነው፤ ከገባችሁ በኋላ አይደለም። የፊቱን ፍሬን አትፍሩት፤ ይበልጥ የሚያቆመው እሱ ነው። ወገባችሁን ወደ ኋላ ገፋ፣ ክርናችሁን አጠፍ አድርጉና በሁለቱም ያዙ። ሽታ ከመጣ ደግሞ ቁሙ፤ አሥር ደቂቃ ተራራውን እዩ። ዲስኩ ላይ ውሃ አታፍሱ። የጋለ ብረት ድንገት ሲቀዘቅዝ ይጣመማል።

ቀዝቅዞም ካልተስተካከለ እጀታውን ጨብጣችሁ ሞክሩት። ፍሬኑ በዘይት የሚሠራ ከሆነና እጀታው ልስልስ ብሎ፣ ደጋግማችሁ ስትጨብጡት ከጠነከረ፣ ውስጡ አየር ገብቷል። አየሩ መውጣት አለበት፤ ይህን ለሚችል ሰው ስጡ። እጀታው ጠንካራ ሆኖ ሳይክሉ ግን የማይቆም ከሆነ የሸራው ፊት በሙቀት እንደ መስታወት ለስልሷል፣ ወይም ዘይት ነክቶታል። የለሰለሰውን አውልቃችሁ በብርጭቆ ወረቀት ፊቱን አሻክሩት። ዘይት የጠጣ ሸራ ግን አይድንም። ቀይሩት። በሽቦ የሚሠራ ፍሬን ከሆነ ደግሞ ነገሩ ቀላል ነው፤ ወይ ሽቦው ላልቷል ወይ ሸራው አልቋል።

አንድ አደራ አለኝ። የፍሬን ዘይት ጎደለ ብላችሁ ከመኪና መለዋወጫ ሱቅ የገዛችሁትን አትሙሉበት። የመኪናው «ዶት» የሚባለው ነው። ሺማኖን ጨምሮ ብዙ የሳይክል ፍሬኖች የሚሠሩት በማዕድን ዘይት ነው። አንዱ በሌላው ቦታ ከገባ የውስጡን ጎሚኒ ያበላሸዋል። የትኛውን እንደሚፈልግ አብዛኛውን ጊዜ ክዳኑ ላይ ተጽፏል።

ጎማው ተነፈሰ

«ይሄማ የጎሚስታ ሥራ ነው» ትሉ ይሆናል። እሺ፤ ከሐይቅ ከተማ አመሻሽ ላይ ስትመለሱ ጎሚስታ ከየት ይመጣል? ስለዚህ የውስጡን ጎማ፣ ካላማዳሪውን፣ አውጥታችሁ ንፉና ቀዳዳውን እዩት። ቀዳዳው ራሱ ይናገራል።

ሁለት ትንንሽ ቀዳዳ ጎን ለጎን ካያችሁ እሾህ አይደለም። ጎማው ነፋሱ አንሶት ድንጋይ መትቷል፤ ካላማዳሪው በድንጋዩና በቸርኬው መሃል ተቆንጥጧል። ሁለቱንም ለጥፉና ዳግመኛ ስትነፉ ጨምሩበት። አንድ ቀዳዳ በውጭ በኩል ከሆነ እሾህ ወይም ሚስማር ነው። በውስጥ በኩል፣ ቸርኬው የሚነካው ቦታ ከሆነ፣ የቸርኬው ሽቦ ጫፍ ወግቶታል፤ እዚያ ያለው የላስቲክ ጥብጣብ ቦታውን ለቋል ማለት ነው። ቫልቩ ሥር ከተቀደደ ግን ባትለጥፉት ይሻላል፤ አይያዝም።

አብዛኛው ሰው የሚሳሳተው እሾሁ ላይ ነው። ይለጥፋል፣ ይነፋል፣ ሁለት ኪሎ ሜትር ሄዶ ይተነፍስበታል። ልጣፉን ይረግማል። ልጣፉ ምንም አላደረገም፤ እሾሁ አሁንም የውጭ ጎማው ውስጥ ተሰክቶ ነው። የእኛ አገር ደግሞ በእሾህ አይታማም። ቆላው ግራር፣ ደጋው ቀጋና ቁልቋል። በባዶ ጣት አትዳብሱ፤ ትወጋላችሁ። የጥጥ ጨርቅ ወይም ካልሲ ውሰዱና የጎማውን ውስጥ ዙሪያውን ጥረጉ። እሾሁ ያለበት ቦታ ላይ ጨርቁ ይያዛል።

የውጭ ጎማው ራሱ ከተሰነጠቀ ከሃይላንድ ጠርሙስ ላይ ጫፉ የሾለ ሳይሆን ክብ ቁራጭ ቁረጡና በስንጥቁና በካላማዳሪው መሃል አስገቡ። ጠርዙ ስለት እንዳይሆን አጥፉት። ቤት ያደርሳል።

ጎሚስታ ቤት ከደረሳችሁ ደግሞ ኮምፕሬሰሩን ተጠንቀቁ። ለአይሱዙ ጎማ የተሠራ ነው፤ የሳይክል ጎማ በሰከንዶች ይሞላል። ጎማው ጎን ላይ ትልቁ ልክ ተጽፏል። ልጁን «ቀስ» በሉት፣ በየመሃሉ በአውራ ጣት ጫን እያላችሁ ሞክሩት። የጎማ ፍንዳታ ጆሮ ላይ ሲጮህ ሰምቼ አውቃለሁ። አልመኝላችሁም።

ዳገት ላይ ካቴናው ይዘላል

ሜዳ ላይ ሰላም ነው። ዳገት ስትጀምሩና ስትረግጡት «ቋ» ብሎ ይዘላል፤ እግራችሁ ባዶ ይወርዳል፣ ጉልበታችሁ መሪውን ይመታል። መቼ መቼ እንደሚዘል ተከታተሉት። አንድ ማርሽ ላይ ብቻ ከሆነ ያኛው ጥርስ አልቋል ወይም የማርሹ ሽቦ ትንሽ ላልቷል፤ ሽቦው የሚገባበትን ማስተካከያ ሩብ ዙር ሩብ ዙር እያዞራችሁ ሞክሩ። በየተወሰነ ዙር አንዴ እየጠበቀ የሚዘል ከሆነ አንዱ የካቴና መገጣጠሚያ ደርቆ አልታጠፍ ብሏል። ፔዳሉን ወደ ኋላ ቀስ እያላችሁ አዙሩ፤ ሲያልፍ ይታያል። በእጅ ወዲያ ወዲህ አላሉት፣ ዘይት ጠብ አድርጉበት።

ብዙ ማርሽ ላይ የሚዘል ከሆነ ግን ካቴናው አርጅቷል። ለመለካት ማስመሪያ ይበቃል። 24 ተከታታይ አይኖችን፣ ከሚስማር መሃል እስከ ሚስማር መሃል፣ ለኩ። አዲስ ካቴና 30.5 ሴንቲ ሜትር ይሆናል። 30.7 ከደረሰ ቀይሩት። 30.8 ካለፈ የኋላ ጥርሶቹንም በልቷቸዋልና ካቴናውን ብቻ ብትቀይሩ መዝለሉን አይተውም። እኔ ይህን የተማርኩት ካቴና ብቻ ገዝቼ፣ ገንዘቤን ከስክሼ ነው።

ካቴናን ቶሎ የሚገድለው የእኛው አቧራ ነው። ከአቧራው የባሰው ደግሞ «ይለስልስልኝ» ብሎ የተቃጠለ የሞተር ዘይት ማፍሰስ። ወፍራም ዘይት አቧራውን ይሰበስበዋል፤ ከዚያ ካቴናው በወፍጮ መሃል እንደገባ እህል ነው። በብሩሽና በነጭ ጋዝ እጠቡት፣ ይድረቅ፣ በየመገጣጠሚያው አንድ አንድ ጠብታ ቀጭን ዘይት ስጡት። ከዚያ ውጭውን በጨርቅ ጥረጉት። ዘይቱ የሚያስፈልገው ውስጡ ነው።

ስለ ጭቃም ልበል። ደሴ አጠገብ ያለው ቦሩ ሜዳ በታሪክ የሚታወቀው በ1870 ዓ.ም. የሃይማኖት ጉባኤ ነው። እኔ ዘንድ የሚታወቀው በሐምሌ ጭቃው ነው። ጭቃው ጎማና ፎርኬታው መሃል ሲጠቀጠቅ ሳይክሉ አልሄድ ይላል። ያን ጊዜ በግድ አትርገጡ፤ የኋላው የማርሽ ክንድ ተጣሞ ሽቦዎቹ ውስጥ ይገባል። ውረዱ፣ በእንጨት ፈቅፍቁ፣ ተሸከሙ። ሌላ መላ የለውም።

ዳገቱ እኔን ጣለኝ

ይሄኛው ጋሼ ዘንድ አይወሰድም። ከኮምቦልቻ ስትመለሱ ሐረጎ ግማሽ ላይ እግር ይከዳል፣ እጅ ይንቀጠቀጣል፣ ላቡ ይቀዘቅዛል። ጓደኛችሁ የተናገረው ሁሉ ያናድዳችኋል። ስንፍና አይደለም፤ ሰውነታችሁ ውስጥ ያለው ስኳር አልቋል። ቁሙና ቶሎ የሚደርስ ጣፋጭ ነገር ውሰዱ። ለስላሳ፣ ሙዝ፣ ስኳር የበዛበት ሻይ። ሩብ ሰዓት ያህል አርፋችሁ ቀስ ብላችሁ ቀጥሉ።

እንዳይደገም፣ ከአንድ ሰዓት በላይ የምትነዱ ከሆነ ሳይርባችሁ ብሉ። ቆሎ ጥሩ ነው፣ ግን ዳገት ላይ እያለከለኩ መቆርጠም አይቻልም፤ ትን ብሎኝ ያውቃል። እኔ የምይዘው የበሶ ጭብጦ ነው፤ ኪስ ውስጥ አይበሰብስም፣ በውሃ ይወርዳል።

በጾም ጊዜስ? እኔ ሁዳዴ አለብኝ፣ አብሮኝ የሚነዳው ጓደኛዬ ረመዳን አለበት። የተስማማንበት ነገር ይህ ነው፦ በእሱ ጾም ከመግሪብ በፊት ባለችው የመጨረሻ ሰዓት፣ ቀለል ባለ መንገድ፣ ቤቱ አካባቢ ብቻ። አፍጥረን እንለያያለን። በእኔ ጾም ጠዋት፣ አጭር። ሐረጎን በጾም የሚወጣ ጀግና ካለ ይውጣ፤ እኛ አንወጣም።

ጉልበት ካመማችሁ አብዛኛውን ጊዜ ከመቀመጫው ነው። ከፊት በኩል የሚያም ከሆነ መቀመጫው ዝቅ ብሏል ወይም ከባድ ማርሽ ታበዛላችሁ። ከኋላ በኩል ከሆነ ከፍ ብሏል። ተረከዛችሁን ፔዳሉ ላይ አድርጋችሁ ታች ስታደርሱት እግራችሁ ቀጥ ካለ ልኩ እሱ ነው።

ውሻ ተከተለኝ

ኩታበር መንገድ የሄደ ያውቀዋል። ውሻው የሚያሳድደው የሚሮጠውን ነው። ቁልቁለት ከሆነ ታመልጡት ይሆናል፤ ዳገት ላይ ግን እሱ ይበልጣችኋል። ውረዱ፣ ሳይክሉን በመሃል አድርጉ፣ «ኧረ ውሻ ያዙ!» በሉ። ባለቤቱ አይጠፋም። ስትቆሙ ብዙዎቹ ግራ ይገባቸዋል። ከነከሳችሁ ግን «ትንሽ ጭረት ናት» አትበሉ። ቁስሉን በሳሙናና በብዙ ውሃ ለ15 ደቂቃ ታጠቡና በዚያው ቀን ጤና ተቋም ሂዱ። የእብድ ውሻ በሽታ ምልክቱ ከታየ በኋላ መድኃኒት የለውም፤ ክትባቱ የሚያድነው ቀድሞ ሲሰጥ ነው።

ሲጢጥ ሲጢጥ ይላል፣ ከየት እንደሆነ አይታወቅም

ድምፅ ላይ ጆሯችሁን አትመኑ። ብረት ድምፅን ያስተላልፋል፤ ከላይ ያለው ከታች ይመስላል። መርገጥ አቁማችሁም ከቀጠለ ጎማው፣ ኩሽኔታው ወይም ፍሬኑ ነው። መርገጥ ስታቆሙ የሚተው ከሆነ ወደ ፔዳሉና ወደ ካቴናው ሂዱ።

እኔ ለሁለት ሳምንት ሲጢጥ ሲልብኝ ሌላ ጋራዥ ሄጄ ፔዳል ቀየርኩ። አልተወም። የመሃሉን ኩሽኔታ አስቀየርኩ። አልተወም። በመጨረሻ ጋሼ ዘንድ ሄድኩ።

«ዳገት ላይ ነው ቁልቁለት ላይ?»

«ዳገት ላይ ነው ጋሼ።»

«ቁጭ ብለህ ነው ቆመህ?»

ይህን አይቼው አላውቅም ነበር። «በል እስቲ ያችን አቀበት ቆመህ ወጥተህ ና» አሉኝ። ቆሜ ወጣሁ። ጸጥ። የመቀመጫውን ብሎን አላሉና ዘንጉን መዘዙት። አቧራና ላብ ደርቆበት ነበር። ጠረጉት፣ ስስ ግሪስ ቀቡት፣ ቦታው መለሱት፣ አጠበቁት። ሁለት ደቂቃ አልፈጀም።

«ስንት ልክፈል?»

«የሻይ።»

ስለ ፔዳሉና ስለ ኩሽኔታው ነገርኳቸው፣ የከፈልኩትንም ጭምር። ጎንበስ ብለው ፔዳሉን አንዴ አሽከረከሩት።

«ፔዳሉስ ጥሩ ነው» አሉ።