ለገና የትኩስ ካካዎ ጠረጴዛ በቤት ስታዘጋጁ

የትኩስ ካካዎ ጠረጴዛ ማለት እንግዳው ራሱ ካካዎውን የሚቀዳበት ነው። ለ8 ሰው 2 ሊትር ወተት፣ 80 ግራም ስኳር የሌለው የካካዎ ዱቄት፣ 150 ግራም ስኳርና አንድ ቁንጥር ጨው ይበቃል። ዱቄቱን በቀጥታ ወተቱ ላይ አትነስንሱት፤ ቅባት ስላለው ቶሎ አይርስም፣ ተጓጉሎ ይንሳፈፋል። መጀመሪያ ካካዎውን፣ ስኳሩንና ጨውን በደረቁ ቀላቅሉ። ከዚያ 150 ሚሊ ሊትር ያህል የፈላ ውሃ ጥቂት በጥቂት እየጨመራችሁ እስኪያብለጨልጭ ድረስ አሹት። በማንኪያው ጀርባ ላይ ደረቅ ነጠብጣብ ከታየ ገና ነው። ወተቱን በመለስተኛ እሳት እያማሰላችሁ አሙቁ፤ ዳር ዳሩን ትንንሽ አረፋ ሲያወጣ ውህዱን ጨምሩበት። እንዲፈላ አትተዉት፤ ከሥሩ ያራል፣ ሊገነፍልም ይችላል።

ዋናው ነገር ሙቀቱን ማቆየት ነው፤ ካካዎው ከቀዘቀዘ የቀረው ዝግጅት ሁሉ ከንቱ ነው። ሰፊ አፍ ያለው ፔርሙዝ ውስጥ የፈላ ውሃ ጨምራችሁ 5 ደቂቃ አቆዩት፣ ውሃውን ድፉና ካካዎውን ገልብጡበት። ዱቄቱ ስለሚዘቅጥ ረጅም ማንኪያ አጠገቡ ይቀመጥ፤ ሁሉም አማስሎ ይቅዳ።

ጠረጴዛው ላይ ኩባያው ይቅደም፣ ካካዎው ይከተል፣ ማርሽማሎው (እንደ ስፖንጅ የለሰለሰ ጣፋጭ) እና የቸኮሌት ፍርፋሪው መጨረሻ ላይ ይሁን፤ ሰው እንዳይተራመስ። የተመታ ክሬም በረዶ ላይ በተቀመጠ ሳህን ይቅረብ። የቀረፋ ዱቄት ከላይ ሲነሰነስ ጉሮሮ ስለሚከረክር እንጨቱን ከወተቱ ጋር ማሞቅ ይሻላል። ልጆች ካሉ ደግሞ የጠረጴዛው ልብስ ጫፍ አይንጠልጠል፤ ከጎተቱት ትኩሱ ይደፋባቸዋል።