13 ሜትር ላይ ቦርሳ አስቀምጡ፦ ለድሬዳዋ ሹፌሮች ስለ ፍጥነት ሲነገር

«ፍጥነት ይቀንሱ» የሚል ባነር ተሰቅሎ የተለወጠ ሹፌር የለም። ቃሉን ሁሉም ያውቀዋል። ባጃጅ ነጂው የሚሮጠው የቀን ገቢውን ለመሙላት ነው፤ ከአወዳይ ጫት የጫነው ደግሞ ሳይጠወልግበት ለማድረስ። ንግግራችሁ ይህን ካልነካ ጆሮ አያገኝም።

ከተማውን በሙሉ ትታችሁ ሰውና ተሽከርካሪ የሚጋፉበትን አንድ መንገድ ምረጡ፤ መጋላ አካባቢ ወይም ሳቢያን ውስጥ የትምህርት ቤት በር ሊሆን ይችላል። ከማስተማራችሁ በፊት ለኩ። መንገዱ ዳር 50 ሜትር ለክታችሁ ሁለቱን ጫፍ በኖራ አስምሩና በስልክ ሰዓት ያዙ። 6 ሰከንድ የፈጀበት በሰዓት 30 ኪሎ ሜትር፣ 3.6 ሰከንድ የፈጀበት 50 እየነዳ ነው። ከፊቱ የሚያግደው የሌለውን ብቻ መዝግቡ፣ 100 እስኪሞላ። አንጸባራቂ ሰደርያ ለብሳችሁ ከቆማችሁ ሁሉም ፍሬን ይይዛል፣ ቁጥሩም ውሸት ይሆናል፤ ሱቅ በረንዳ ላይ ተቀመጡ።

ትምህርቱን ሹፌሮቹ ተሳፋሪ በሚጠብቁበት የባጃጅ ተራ ላይ ስጡ፣ ጠዋት ፀሐዩ ሳይከር፣ ከ10 ደቂቃ ሳይበልጥ። መኪና በማይገባበት ሜዳ መነሻ መስመር አስምሩ፤ 13 ሜትር ላይ የተማሪ ቦርሳ፣ 28 ሜትር ላይ ድንጋይ አስቀምጡ። በ30 የሚመጣ መኪና ሹፌሩ ልጁን አይቶ ፍሬን እስኪረግጥ በአንድ ሰከንድ 8 ሜትር ይሄዳል፤ ከዚያ 5 ሜትር ተንሸራትቶ ቦርሳው ጋ ይቆማል። በ50 የሚመጣው ግን በዚያችው ሰከንድ 14 ሜትር ስለሚሄድ ቦርሳውን ሲያልፍ እግሩ ገና ፍሬን አልነካም። የሚቆመው ድንጋዩ ጋ ነው። እናንተ አታውሩት፤ ሹፌሮቹ ራሳቸው ከቦርሳው እስከ ድንጋዩ በእግራቸው ይሂዱ። ዝም የሚሉት እዚያ ላይ ነው። ስሌቱ ለደረቅ አስፋልትና ለደህና ፍሬን መሆኑን ንገሯቸው፤ የደቻቱ ወንዝ ሞልቶ አሸዋ ጥሎ በሄደ ማግስት ርቀቱ ይረዝማል፣ ባጃጅ ደግሞ መታጠፊያ ላይ ፍሬን ሲያዝበት ሊገለበጥ ይችላል።

ገቢውንም አስሉላቸው። 1.5 ኪሎ ሜትር በ30 ሲነዳ 3 ደቂቃ፣ በ50 አንድ ደቂቃ ከ48 ሰከንድ ይፈጃል። ትርፉ 72 ሰከንድ ነው፤ አንድ ተሳፋሪ መልስ ሲጠብቅ የሚያልፍ ጊዜ።

ደም የሚታይበት ፎቶ አታምጡ፤ ሹፌሩ ፊቱን ያዞራል ወይም «እኔ እንደዛ አልነዳም» ይላል። በአማርኛ ብቻም አትናገሩ። ኦሮምኛና ሶማልኛ የሚናገር የባጃጅ ተራው ሰው ቢያስረዳ ከእንግዳ ይልቅ ይሰማል። ተሳፋሪም «ቀስ በል አቦ» ማለትን ይልመድ፤ ብዙ ጊዜ ከባነር በላይ የምትሠራው እሷ ቃል ናት።

ከሁለት ሳምንት በኋላ ትራፊክ ፖሊስ እዚያው መንገድ ላይ ቁጥጥር እንዲጀምር ቀድማችሁ ተነጋገሩ፣ ሹፌሮቹም ቀኑን ይወቁት። ያለ ቁጥጥር ምክር ቶሎ ይረሳል። በ4ኛው ሳምንት በዚያው ቀንና ሰዓት 100 ተሽከርካሪ እንደገና ለኩና ውጤቱን ተራው ላይ ለጥፉ። ካልወረደ ችግሩ መንገዱ ላይ ነው፤ የሁለቱን ልኬት ወረቀት ይዛችሁ የፍጥነት መቀነሻ ጉብታ ጠይቁ።